አጭሩ ኬብል

ጃንዋሪ 6፣ ሰኞ

ዛሬ ወንድሜ ሲጋራ ካቆመ አራት መቶኛው ቀን ነው። የወጥ ቤቱ ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ 400 ብዬ ጻፍኩና አከበብኩት። ታውኖ ስኒውን ይዞ ከታች ሲወጣ አየውና፣ «እስረኛ ነኝ እንዴ ግድግዳ ላይ ቀን የምትቆጥሪልኝ?» አለኝ። ወንድሜ እንዲህ ነው፤ ምስጋናው ከአፉ የሚወጣው በስድብ ተጠቅልሎ ነው። ደስ እንዳለው ግን አውቄያለሁ። ወደ ሥራ ሲወጣ ቁጥሩን በጣቱ ነካ አድርጎት አለፈ።

አርባ አምስት ዓመት ያጨሰ ሰው ነው። አባታችን የሞተው ታውኖ አሁን በሚተኛበት የታችኛው ክፍል ውስጥ፣ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተሰክቶለት ነው። እኔ ቱቦውን አጥባለሁ፣ ታውኖ ደጅ ወጥቶ ያጨሳል። ያኔ ነው አንዱን እንጂ ሁለቱን አልቀብርም ብዬ ለራሴ የማልኩት። ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ የሚሸጥ ሱቅ ተቀጠርኩ፣ ይኸው ስድስት ዓመት ሞላኝ፤ በስንት ልመናም ባለ ሁለት ባትሪውን ትልቁን ማጨሻ አስያዝኩት። «ጡቡ» ይለዋል። ክብደቱም ከጡብ ብዙ አያንስም። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ሳንባውን አዳምጦ «ምን ተገኘ?» ቢለው «እህቴ ናት» ብሎ መለሰ አሉ። ይህን የነገረችኝ ነርሷ ናት እንጂ እሱማ ምላሱ ቢቆረጥ አይነግረኝም።

አምስት መቶ የሚሞላው ኤፕሪል 16 ነው። ያንን ቀን ከአሁኑ አከበብኩት። ሐይቁ ዳር ካለችው ጎጆአችን ሄደን የእንፋሎት መታጠቢያውን ሳውና አንድደን እንውላለን።

ጃንዋሪ 9

ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ። የሱቁ በር ማጠፊያ በረዶ ይዞት በእግር መምታት ግድ ሆነ። ዛሬ አስራ አንድ ሰው ላይ ሰበክሁ። አለቃዬ ኒኖ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ስብከቴን በቃሉ ይዞታል። እኔ ለገዢው «ባትሪዎቹን አውጥተህ በዚህኛው ቻርጀር ላይ አድርጋቸው፤ ማጨሻው ላይ ያለው የኬብል ቀዳዳ ለጭንቅ ቀን ብቻ ነው» እላለሁ፤ እሱ ከኋላዬ «አሜን» ይላል። «ተኝተህ አይሰካም፤ ትራስ ላይ አይሰካም» እላለሁ፤ «አሜን፣ እትዬ ራይሊ» ይላል።

ይሳቅ። ቀዳዳዋ ውስጥ ያለችው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ በብዙዎቹ ላይ ሁለቱን ባትሪ እኩል መመገብ አታውቅበትም። አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይራባል፤ የጠገበውም እላዩ ላይ ሲጨመርበት ይግላል። ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቤቱ ሲገባ ግን ከስልኩ ኬብል ጋር ይሰካዋል።

ጃንዋሪ 15፣ ረቡዕ

ሁለት ቀን ሙሉ በረዶ ጣለ። ታውኖ በረዶ ጠራጊውን መኪና አስራ ስድስት ሰዓት ሲነዳ አድሮ ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ላይ አቆመው። ምሳውን ላቀብለው ጋቢና ውስጥ ስገባ በበሩ ኪስ ውስጥ አንድ ፓኮ ሲጋራ አየሁ። አልተከፈተም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አላጨስኩም። ጡቡ እኩለ ሌሊት ላይ ሞተብኝ። ምን ላድርግ?»

«ትርፍ ጥንድ ባትሪ ሰጥቼህ የለም እንዴ?»

«በጓንት ልቀይር? ቢወድቅብኝስ በረዶ ውስጥ ልቆፍር? ከመኪናው ጋር ልሰካው ብል ኬብል የለኝም።»

«በቀዳዳው አትሰካ ብዬሃለሁ።»

«ቀዳዳውን ታዲያ ለጌጥ ነው ያበጁት? ስሚኝ፣ ሥራ ላይ ሆኜ የሚሠራ ነገር ያስፈልገኛል። ወይ ይሄ ይሠራል፣ ወይ ያኛው አለ።» በአገጩ ወደ ፓኮው አመለከተኝ።

ሱቅ ተመልሼ ከመሳቢያ አንድ ነገር አወጣሁና ሰጠሁት። ሲጋራውን ከነማሸጊያው ወስጄ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት፤ እሱም አልከለከለኝም። 409።

ጃንዋሪ 23

ጆርጂና የምትባል ደንበኛችን መጣች። ሐይቁ በረዶ ላይ ድንኳን ተክላ ዓሣ የምታጠምድ፣ ከወንዶቹ ሁሉ ቀድማ የምትወጣ ሴት ናት። «እዚያ ስሆን ባትሪው ቶሎ ይሞትብኛል፤ ከባለ ሞተር የበረዶ መንሸራተቻዬ ጋር ብሰካው ምን አለበት?» አለችኝ።

በደንብ አስረዳኋት። የቀዘቀዘ ባትሪ ሊሠራልሽ ይችላል፣ ቻርጅ ግን አይደረግም አልኳት። ቀዝቅዞ ሳለ ኤሌክትሪክ ስትግቺው ውስጡ ይቆስላል። ቁስሉ ከውጭ አይታይም። ዛሬ ደህና ነው፣ ነገ ደህና ነው፣ ከወር በኋላ አንድ ቀን ይነሳብሻል። መጀመሪያ ደረትሽ ኪስ ውስጥ አሙቂው፣ ቤትሽ ግቢ፣ ከዚያ በቻርጀሩ። ጆርጂና በጥሞና ሰማችኝና «እንደ ሞተር በይው እንጂ» አለች። እውነቷን ነው። በዚህ ከተማ የቀዘቀዘ ሞተር የሚያስነሳ የለም፤ ማታ ማታ ሁላችንም መኪናችንን እንደ ላም በሽቦ አስረን፣ የሞተሩን ማሞቂያ ኤሌክትሪክ ላይ ሰክተን ነው የምንተኛው። ታውኖም ይሰካል። ቤቱን ይረሳ እንደሆነ እንጂ መኪናውን አይረሳም።

ስለ ብርዱ ለእሱም ነግሬዋለሁ መሰለኝ። ሳልነግረው አልቀርም።

ፌብሯሪ 2፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪናው ውስጥ እጁን እያፋተገ ሳቀ። «ያንቺ ጡብ እኮ እጅ ማሞቂያም ሆነልኝ። ጠዋት ሞተሩን ሳስነሳ እሰካዋለሁ፤ ጋቢናው ሳይሞቅ እሱ ቀድሞ ይሞቃል።»

«በጣም ይሞቃል?»

«ድንች አይጠብስም። ደግሞ ስብከት እንዳትጀምሪ፣ አሁን ከአንዱ ነው የወጣነው።»

አልጀመርኩም። የጣፋጭ ቤቱ ክፍት ስለነበር ሮዝ ክሬም የተቀባውን ዳቦ ገዛልኝ፤ የልጅነታችንን። በደስታ በላሁ። ሰው ሲስቅ ማቋረጥ አይሆንልኝም።

ፌብሯሪ 11

ታውኖ የአንዱ ባትሪ ልባስ ተቀዶብኛል ብሎ አመጣልኝ። ልባስ መቀየር ለእኔ ጨዋታ ነው፤ አሮጌውን ገፍፌ፣ አዲሱን ፕላስቲክ አልብሼ፣ በሞቃት አየር አጣብቄ፣ ጥንዶቹ እንዳይለያዩ ጫፋቸው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ነካ አደርጋለሁ። አብረው የተገዙ ባትሪዎች አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይጣላሉ። ሕጉ ይህ ነው።

የባትሪ መለኪያው ላይ አደረግኋቸው። አንደኛው ደህና ነበር። የሌላኛው ቁጥር አላማረኝም።

«ጡቡን እዚህ ተወው፤ አዲስ ጥንድ ሐሙስ ይመጣል» አልኩት።

«ትርፎቹ በረዶ ውስጥ ጠፍተውብኛል፤ እስከ ሐሙስ ምን ልጠባ፣ አውራ ጣቴን?»

ኒኖ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ባትሪዎቹን መልሼ ከተትኩለትና «ብቻ ተጠንቀቅ» አልኩት። ከምን እንደሚጠነቀቅ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ፌብሯሪ 20

አዲሱ ጥንድ ሳምንት ዘግይቶ መጣ። ምልክታቸውን ቀይ ቀባሁና ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ፣ ጨው ማስቀመጫው አጠገብ አስቀመጥኩለት። ቻርጀሩም እዚያው ነው።

ፌብሯሪ 27

እዚያው ናቸው። «ቅዳሜ እቀይራቸዋለሁ» አለ። ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ በረዶ ይጥላል። 452።

ማርች 4

ስልክ። ታውኖ የሚሠራበት ኩባንያ ሰው ነው። ታውኖ ሆስፒታል ነው አለኝ። መኪናው ጋቢና ውስጥ እሳት።

ቦት ጫማዬን በተቃራኒ እግር ነው ያደረግኩት። እዚህ ደርሼ ነው ያየሁት።

በሕይወት አለ። በሕይወት አለ። በሕይወት አለ።

እጁን አላሳዩኝም።

ማርች 9፣ እሑድ

አሁን ቁጭ ብዬ መጻፍ እችላለሁ። ካልጻፍኩት ደግሞ ጭንቅላቴ ውስጥ እየዞረ አያስተኛኝም።

የሆነው እንዲህ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ፣ ጡቡን ሰክቶ፣ ስኒ ማስቀመጫው ውስጥ አደረገው። ጡቡ ማታውን በሙሉ ጋቢናው ውስጥ ነው ያደረው፤ ያን ዕለት ሃያ ስምንት ከዜሮ በታች ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ከነዳ በኋላ አንዳች ነገር አፏጨ አለኝ። እንደ ሻይ ጀበና ነው ያፏጨው። ከዚያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ነበልባል። እግሩ ላይ ወደቀ። ሱሪው ተያያዘ። በቀኝ እጁ አፈፍ አድርጎ በመስኮት ሊወረውረው ቢል መስኮቱ በረዶ ይዞት አልወርድ አለ። አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንድ እጁ እሳት ይዞ። ፊት ለፊቱ የልጆች ማቋረጫ ስለነበር መሪውን መልቀቅ አልፈለገም። መኪናውን የበረዶ ክምር ውስጥ ሰክቶ፣ በሩን በክርኑ ከፍቶ ነው የጣለው። ምን ያህል ጊዜ እንደያዘው ማንም አያውቅም። ሐኪሙ ቆዳውን አይቶ «ረጅም» አለኝ።

አመልካች ጣቱና መካከለኛው ጣቱ ትናንት ተቆረጡ። ጭኑ ይድናል ይላሉ።

የኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ነርስ ለጓደኛዋ ስትናገር ሰማኋት። «ዘንድሮ ሦስተኛው ነው። ቀዳዳ ስላለው ብቻ ይሰኩታል። የሚሸጡላቸው ሰዎች አይነግሯቸውም እንዴ?» ጓደኛዋ፣ «እነሱ ምን ቸገራቸው፣ ይሽጡ እንጂ» አለቻት። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። እኔ ካልነገርኩ ማን ይነግራል? ስድስት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስናገር ነው የኖርኩት። በዚህ ከተማ ውስጥ ቬፕ የሚያጨስ ሰው ሁሉ ስብከቴን ያውቃል።

ሁሉም ያውቃል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

መሳቢያው ውስጥ የነበረው አጭር ኬብል ነው። ጥቁር፣ ከመዳፍ የማይረዝም፣ ለመኪና የሚሆን። እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት። ያን ዕለት አልጻፍኩትም፤ ዛሬ ጻፍኩት። ስለ ብርዱም አልነገርኩትም። ለጆርጂና ነገርኳት፣ ለእሱ አልነገርኩትም። ብነግረው ኬብሉን ይመልስልኛል፣ ኬብሉን ከመለሰ ሲጋራውን ይገዛል ብዬ ነው። ሲጋራ በእርግጥ ይገድላል፣ ቀዳዳው ምናልባት ነው ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። የማን ጣት ላይ እንደሠራሁት አላሰብኩም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ነቀዘ።

ማርች 14

ዛሬ ሱቅ ገባሁ። ኒኖ አቀፈኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳን «አሜን» አላለም። ከመዝጋታችን በፊት አንድ ወረቀት አወጣ።

«እትዬ፣ የታውኖ ኩባንያ መርማሪ ደውላልኛለች። ማጨሻው ከእኛ የተገዛ መሆኑን ታውቃለች። ይቺን ብትፈርሚልኝ።»

ወረቀቱ የሱቁ ሠራተኞች ለእያንዳንዱ ገዢ ማጨሻው ላይ ባለው ቀዳዳ ቻርጅ ስለማድረግና ስለ ብርድ በቃል ያስጠነቅቃሉ ይላል።

«ውሸት አለበት?» አለኝ። «ከአንቺ በላይ የሚያስጠነቅቅ ሰው አለ? እኔ ራሴ ነኝ ምስክሩ።»

«ታውኖ ገዢ አይደለም። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«እሱ እህት አለችው፣ ከማንም በላይ ተነግሮታል፤ ሌላው ስብከት ብቻ ነው ያለው። እትዬ፣ ሱቁ ቢዘጋ አንቺም እኔም ደጅ ነን። ልጄ ደግሞ ገና አራት ወሯ ነው።»

ኒኖ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቷል። ለእያንዳንዱ ገዢ የሚለው እውነት ነው። ፈረምኩ። እስክሪብቶው ቀይ ነበር፤ የቀን መቁጠሪያውን የምጽፍበት ከቦርሳዬ ወጥቶ።

ማርች 17፣ ሰኞ

የአተር ሾርባ ይዤለት ሆስፒታል ሄድኩ። መጋረጃው ጋ ስደርስ መርማሪዋ ውስጥ ነበረች። ወይዘሮ ፔልቲየር ትባላለች፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። መግባት ነበረብኝ። ቆምኩ።

«አቶ ታውኖ፣ ኬብሉ ከየት መጣ?»

«ከማደያ።»

«የትኛው ማደያ?»

«እኔ እንጃ። ስንት ማደያ አለ፣ የቱን ላስታውስ።»

«ባትሪ በርዶት ሳለ ቻርጅ እንደማይደረግ የነገረዎት ሰው ነበር? ይህን የምጠይቅዎት እያወቁ አድርገውት ከሆነ ኩባንያው የጉዳት ክፍያውን አይቀበልም፤ ሥራዎም ላይ አይመለሱም። ካልተነገረዎት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ወደ ሸጠው ሰው ይሄዳል።»

የሳህኑ ሙቀት እጄን ሲያቃጥለኝ ይሰማኛል፣ አላወረድኩትም።

«እህትዎ እዚያ ሱቅ ነው የሚሠሩት» አለች። «ለሁሉም እንደሚነገር ፈርመዋል።»

«ፈርማለች?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ነግራኛለች» አለ ታውኖ። «እሷ የማትናገረው ነገር የለም። እኔ ነኝ ጆሮ የሌለኝ።»

ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሄጄ ተመለስኩ። ሴትየዋ ወጥታለች። ታውኖ ግድግዳውን ሲያይ አገኘሁት። «ሾርባው ቀዝቅዟል» አልኩት። «ግድ የለም» አለኝ። በግራ እጁ ማንኪያ መያዝ ስላልለመደ አጎረስኩት። ስለ ወረቀቱ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ማርች 21

ዛሬ የእምነት ቃሉን በግራ እጁ ፈረመ አሉ። ከሥራ አሰናበቱት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ነው የነዳላቸው።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ማርች 24

ነገ።

ማርች 29

ቤት ገባ። ደረጃውን ሲወርድ ክርኑን ያዝኩት፤ አስለቀቀኝ። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አይችልም፤ እኔን ግን አይጠራኝም፣ ክፍቱን ይሄዳል። አዲሶቹ ባትሪዎች አሁንም ጨው ማስቀመጫው አጠገብ ናቸው። ላነሳቸው እጄን ዘረጋሁና ተውኳቸው። የቻርጀሩ አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ ምንም ነገር ሳይኖርበት ይበራል።

ቬፕ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሱቃችን ውስጥ በጣም ትንሿ፣ ጉልበቷ ዝቅተኛ የሆነችው አለች፤ ቤት ውስጥ ብቻ፣ እኔው በጠረጴዛው ላይ ቻርጅ እያደረግኩለት። «ከእንግዲህ ከፊቴ እንዳታመጪው» አለኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

አላጨሰም። ቀኑን መጻፌን አላቋረጥኩም። 482።

ኤፕሪል 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት ቡና ላይ ሁለት ሴቶች ኮት መስቀያው ጋ ሆነው ሲያወሩ ሰማሁ። «ከሲጋራ ይሻላል ብላ በግድ የሰጠችው እሷ ናት።» «እኔስ የማዝነው ለእሷ ነው፤ ፊቷን አየሽው?» እንዳያዩኝ ኮቴን ሳልወስድ ወጣሁ። ቤት የደረስኩት በሹራብ ነው። ታውኖ አየኝና የራሱን ካፖርት አልብሶኝ ሄደ። በአንድ እጁና በጥርሱ ነው ያለበሰኝ።

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ። እናቴ ስለ ዱቄት ሊጥ ሳይሆን ስለ በደል ነበር ይህን የምትለው። እኔ አደረቅሁት።

ኤፕሪል 10፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ወይዘሮ ፔልቲየር ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ኬብሉን፣ መሳቢያውን፣ ጆርጂናን፣ ፌብሯሪ አስራ አንድ ቀን መለኪያው ላይ ያየሁትን ቁጥር። የፈረምኩት ወረቀት ለሌላው ሁሉ እውነት፣ ለወንድሜ ግን ውሸት መሆኑን። እየጻፈች ቆየችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ወይዘሮ ራይሊ፣ ፋይሉ ተዘግቷል።»

«ይከፈት እንግዲያ።»

«ወንድምዎ እንደተነገራቸው አምነው ፈርመዋል። በግራ እጃቸው፤ ሩብ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል፣ እኔ ላግዝዎት ብል እንቢ አሉኝ። እሳቸው ቃላቸውን ካላነሱ በእርስዎ ቃል ብቻ አልከፍተውም። እርስዎ እህት ነዎት። ለወንድሟ ብላ ጥፋቱን ወደ ራሷ የምትስብ እህት ናት ነው አለቆቼ የሚሉኝ።»

«እውነቱን ነው የነገርኩሽ!» ብዬ ጮህኩ። አንቺ ብዬ። እርስዎ ማለቱ ጠፋብኝ።

«አምንዎታለሁ» አለችኝ። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ከዚያ ሱቅ ሄጄ ለኒኖም ነገርኩት። ባንኮኒውን ተደግፎ ቆየ። «ዛሬ ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ እትዬ» አለኝ። ነገ ነይ አላለኝም፣ አትምጪም አላለኝም።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

ጣሪያው ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል። በረዶው ከአጥሩ ሥር ጠቁሮ ቀርቷል። ታውኖ በኋላው በር ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«ሄደሽ ተናገርሽ አሉ» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ደወለችልኝ ሴትየዋ። ቃሌን አነሳ እንደሆነ ጠየቀችኝ።»

«ታዲያ?»

«አላነሳም አልኳት።»

«ታውኖ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሠራህበት ነው! መብትህ ነው! እኔ አልነገርኩህም እኮ። ስለ ብርዱ አንድ ቃል አልነገርኩህም።»

«አልነገርሽኝም።»

«ታዲያ ለምን?»

የታሸገ እጁን ጉልበቱ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠው።

«ያን ዕለት በበሩ ኪስ ውስጥ ያየሽው ሲጋራ፣» አለ፣ «ላጭስ ብዬ የገዛሁት መሰለሽ?»

«ታዲያ ምን ነበር?»

«እንድታዪው ነው። ምሳ ይዘሽ ጋቢና እንደምትገቢ አውቃለሁ። ገና ሳትመጪ እንዲታይሽ አድርጌ አስቀመጥኩት። ኬብል ስጪኝ ብልሽ ትሰብኪኛለሽ፤ ሲጋራ ካየሽ ግን የጠየቅኩሽን ሁሉ ትሰጪኛለሽ። የአባባን ቱቦ ስታጥቢ አይቼሻለሁ እኮ። ምን እንደምትፈሪ አውቃለሁ። በእሱ ነው የያዝኩሽ።»

አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። ደረቱ ኪስ ውስጥ ገብቶ አንድ ፓኮ አወጣ፤ ማሸጊያው በጥርስ ተቀድዷል። አንዷን በከንፈሩ ሳበ። ላይተሩን በግራ አውራ ጣቱ ደጋግሞ ሞከረ፤ ብልጭ ይልና ይጠፋል።

«አራት ቀን ነው የቀረው» አልኩት። «አራት ቀን፣ ታውኖ።»

«አውቃለሁ። በየቀኑ ሳልፍ አየዋለሁ።» ላይተሩን ወደ እኔ ዘረጋው። «በግራ አልሆነልኝም። ያዢልኝ።»

አልይዝም ማለት እችል ነበር። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ስል የነበረው እሱን ነው። እጁን አየሁት፤ ፋሻው፣ ጣት የነበረበት ባዶ ቦታ። ከእንግዲህ ምን ብዬ ነው የምከለክለው፣ በምን አፌ? ላይተሩን ተቀበልኩት። ነፋሱ ሁለት ጊዜ አጠፋብኝ። በሦስተኛው መዳፌን ከበብ አድርጌ አስጠጋሁለት፤ ያዘ።

የመጀመሪያውን ጭስ ሲስብ ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላላ፤ ግንባሩ፣ መንጋጋው፣ ትከሻው ሳይቀር። አራት መቶ ዘጠና ስድስት ቀን አንድ ቤት ውስጥ ስንኖር እንደዚያ ሆኖ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።